የፍሬን ስታርች በአዮዲን መፈተሽ፦ ከሙዝ እስከ ቲማቲም፣ ደረጃ በደረጃ

ጥሬ ሙዝ ተቆርጦ አዮዲን ይፈስበታል፤ ስታርች ስላለው ይጠቁራል። ስታርቹ ወደ ስኳር የተቀየረው ቢጫ ሙዝም ተቆርጦ ይፈስበታል፤ እሱም ይጠቁራል ወይ ቡናማ ይሆናል። «አዮዲኑ ተበላሽቷል» ይባልና ነገሩ እዚያው ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ አዮዲኑ ምንም አልሆነም። በጣም ወፍሯል፣ ማነጻጸሪያ የለውም፣ ወይም ፍሬው ለዚህ ፈተና የሚሆን አይደለም።

መመሪያው ለባዮሎጂ መምህራንና ተማሪዎች እንዲሁም ሙዝ፣ ማንጎና አፕል ለሚያመርቱና ለሚያከማቹ ነው። ዕቃው ከፋርማሲና ከጉሊት ይገኛል።

ቢላ ከማንሳታችሁ በፊት

ፍሬ ስታርች የሚሠራበት ጊዜና የሚያፈርስበት ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ይህን ሳይለዩ የሚቆርጡ ሰዎች ውጤቱን በትክክል ማንበብ አይችሉም።

የሚሠራው ተክሉ ላይ እያለ ነው። ከቅጠል የመጣው ስኳር ፍሬው ውስጥ ኤዲፒ-ግሉኮስ ወደሚባል ጥሬ ዕቃ ይቀየራል። ይህን የሚያደርገው ኤጂፒኤዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። የስታርቹን መጠን በዋናነት የሚወስነውም እሱ ነው፤ ጂኖቹ ሥራቸውን ሲቀንሱ የስታርች ክምችቱም ይቆማል። ከዚያ ስታርች ሲንቴዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ግሉኮሱን ይቀጥሉታል፣ ሌሎቹ ደግሞ ቅርንጫፍ ያወጡለታል። ከመካከላቸው ጂቢኤስኤስ የተባለው ቅርንጫፍ የሌለውን ረጅም ሰንሰለት፣ አሚሎስን፣ ይሠራል። አዮዲን ጥቁር ሰማያዊ የሚሆነው በዋናነት አሚሎስ ውስጥ ሲገባ ነው። የጂቢኤስኤስ ጂን የማይሠራበት ተክል ስታርቹ ሞልቶም ቢሆን በአዮዲን ቀይ ቡናማ ብቻ ይሆናል።

የሚፈርሰው ሲበስል ነው። እንደ ሙዝ ባሉ ፍሬዎች ኤትሊን የተባለው ጋዝ የማብሰያ ጂኖችን ያስነሳል። መጀመሪያ ጂደብሊውዲ የተባለ ኢንዛይም የስታርቹ እንክብል ላይ ፎስፌት ይለጥፍና ጥብቅነቱን ያላላዋል። ከዚያ ቤታ አሚሌስ ከጫፍ እየቆረጠ ማልቶስ የተባለ ስኳር ያወጣል፤ አልፋ አሚሌስና አይሶአሚሌስ ያግዙታል። ጥሬ ሙዝ ከክብደቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ ስታርች አለው። ሙሉ በሙሉ ሲበስል የሚቀረው 1 ወይም 2 በመቶ ነው።

ስለዚህ ቁራጩ ካልጠቆረ ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ወይ ስታርቹ ሞልቶ ኋላ ፈርሷል፣ ወይ ድሮውንም አልሞላም። ፍሬው ከተቆረጠ በኋላ ከቅጠል የሚመጣለት ነገር የለም። ያለ ዕድሜው የወረደ ሙዝ ኤትሊን ቢያገኝ ሊለሰልስ፣ ቢጫም ሊሆን ይችላል፤ ስኳር የሚሆን ስታርች ካልያዘ ግን አይጣፍጥም። አንድ ቁራጭ ይህን ሊነግራችሁ አይችልም። ከአንድ ዘለላ የተወሰዱ ብዙ ፍሬዎች፣ በተለያዩ ቀናት ተቆርጠው፣ ይነግሯችኋል።

ደረጃ 1፦ ፍሬውን ምረጡ

1. ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ ሙዝ ውሰዱ። ውጤቱ ጎልቶ ይታያል።
2. አፕል፣ ፒርና ማንጎም ይሆናሉ።
3. ቲማቲም የሚሆነው ገና ትንሽና አረንጓዴ ሳለ ብቻ ነው። ለእሱ ደረጃ 7ን ተመልከቱ።
4. ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ወይንና እንጆሪን ተዉ። ሲበስሉ የሚያፈርሱት ይህ ነው የሚባል የስታርች ክምችት የላቸውም።
5. አቮካዶንም ተዉ። እሱ የሚያከማቸው ዘይት ነው።

ሙዙን ስትገዙ ከአንድ ዘለላ ቢያንስ 6 ፍሬ፣ ሁሉም አረንጓዴ የሆኑ፣ ውሰዱ። ከተለያየ ዘለላ የተለቃቀመ ሙዝ ዕድሜው ስለሚለያይ ንጽጽሩን ያበላሸዋል። ከአርባ ምንጭ አካባቢ ተጭኖ አዲስ አበባ የደረሰ ሙዝ ከሆነ ማብሰያ ቤት (ሙዝ በኤትሊን የሚበስልበት ክፍል) ሳይገባ በፊት ያዙት። ከሱቅ መደርደሪያ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ መብሰል ጀምሯል፤ ልጣጩ አረንጓዴ ቢመስልም።

ደረጃ 2፦ የአዮዲን ውህዱን አዘጋጁ

የአብዛኛው ሰው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ረጋ በሉ። የምትፈልጉት 0.2 በመቶ አካባቢ አዮዲን ያለው ውህድ ነው። በእጃችሁ ያለው ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን አንብቡና ከታች ካሉት አንዱን ብቻ ተከተሉ። ለመለኪያ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ተጠቀሙ።

- ቲንክቸር አዮዲን 2 በመቶ፦ 5 ሚሊ ሊትር ውሰዱ፣ 45 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩ።
- ፖቪዶን አዮዲን 10 በመቶ (የቁስል ማጠቢያው)፦ 10 ሚሊ ሊትር ውሰዱ፣ 40 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩ። 10 በመቶ የሚለው ቁጥር እንዳያታልላችሁ። ለሥራ የሚውለው አዮዲን 1 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው አዮዲኑን የያዘው ፖቪዶን ነው።
- ከላብራቶሪ የሚገኝ ሉጎል (አዮዲንና ፖታሺየም አዮዳይድ በውሃ የሟሙበት) 5 በመቶ፦ 2 ሚሊ ሊትር ውሰዱ፣ 48 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩ።
- ከአዮዲን ክሪስታል የምትነሱ ከሆነ፦ 8.8 ግራም ፖታሺየም አዮዳይድ በጥቂት ለብ ያለ ውሃ አሟሙ። ከዚያ 2.2 ግራም አዮዲን ጨምራችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ አማስሉ። በመጨረሻ ውሃ ጨምራችሁ 1 ሊትር አድርሱት። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፤ አዮዲን ብቻውን ውሃ ውስጥ እንቢ ይላል። ይህንን ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ውስጥ፣ በጓንትና በመነጽር ብቻ ሥሩ።

በትክክል የተበረዘው ውህድ ቀጭን ሻይ ይመስላል። ጥቁር ቡና ከመሰለ ወፍሯል ማለት ነው። ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ፣ ቀኑን ጽፋችሁበት፣ ከብርሃን አርቁት።

የማይሠሩ ነገሮች፦ አዮዲን ያለው የገበታ ጨው አይሆንም። በውስጡ ያለው አዮዲን በሌላ መልክ ነው፣ መጠኑም ኢምንት ነው። ቀለም አልባ ተብሎ የሚሸጥ አዮዲንም አይሠራም።

ማስጠንቀቂያ፦ አዮዲን የነካውን ፍሬ አትብሉ፣ ለከብትም አትስጡ። ለአዮዲን አለርጂ ያለበት ወይም የእንቅርት ሕመም ያለበት ሰው ውህዱን አይንካ። ውህዱንም ሆነ ክሪስታሉን አሞኒያ ካለበት የጽዳት ዕቃ ጋር ፈጽሞ አታገናኙ፤ የሚፈነዳ ነገር ሊፈጠር ይችላል።

ደረጃ 3፦ ማነጻጸሪያ አስቀምጡ

ይህን ደረጃ የምትዘሉ ከሆነ ሥራውን ባትጀምሩት ይሻላል። ሦስት ነገር ያስፈልጋል።

1. «ስታርች አለ» የሚለው ማነጻጸሪያ፦ ቁራጭ ድንች፣ ወይም በውሃ የተበጠበጠ ቡላ። ቡላ በቀላሉ ከተገኘ እኔ እሱን እመርጣለሁ። የእንሰት ስታርች ነው፤ እንሰትና ሙዝ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ወዲያው ጥቁር ሰማያዊ ካልሆነ ውህዳችሁ ችግር አለበት። ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።
2. «ስታርች አልቋል» የሚለው ማነጻጸሪያ፦ ልጣጩ በቡናማ ነጠብጣብ የተሸፈነ፣ ከልክ በላይ የበሰለ ሙዝ።
3. የውሃ ማነጻጸሪያ፦ ከምትፈትሹት ፍሬ ላይ የተቆረጠ፣ በአዮዲን ፋንታ በውሃ ብቻ የተነከረ ቁራጭ። የተቆረጠ ፍሬ አየር ሲያገኝ በራሱ ኢንዛይም ቡናማ ይሆናል። ይህ ቁራጭ ከሌላችሁ ቡናማው ከአዮዲን ይሁን ከአየር አትለዩትም።

ደረጃ 4፦ ቁረጡ

1. ፍሬው በክፍል ሙቀት ላይ ይሁን። ከፍሪጅ የወጣ ከሆነ እስኪለዝብ ጠብቁ። የተቀቀለ ወይም ትኩስ ፍሬ አትጠቀሙ፤ ሙቀት ሰማያዊውን ቀለም ያጠፋዋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።
2. ቢላውን እጠቡና አድርቁ። ሎሚ የቆረጠ ቢላ ሳይታጠብ ዋጋ የለውም።
3. ሙዙን ሳትልጡ መሃሉ ላይ አግድም ቁረጡ። ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። አፕልንም አግድም፣ የዘሮቹ ቤት እንዲታይ አድርጋችሁ ቁረጡ።
4. ፊቱ ለስላሳ ይሁን። በደነዘዘ ቢላ የተቀደደ ፊት አዮዲን ያቁርና የሌለ ስታርች ያሳያችኋል።
5. እንዳይጠቁር ብላችሁ ሎሚ አትቀቡት። ቫይታሚን ሲ አዮዲኑን ቀለም አልባ ያደርገዋል፤ በስታርች የተሞላ ቁራጭ ባዶ ይመስላችኋል።

ከቆረጣችሁ በኋላ 1 ደቂቃ ውስጥ ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ። ስልክ ከተደወለ አታንሱ።

ደረጃ 5፦ ንከሩ፣ ጠብቁ፣ አንጠባጥቡ

1. ውህዱን ጠፍጣፋ ሰሃን ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አፍስሱ። ከላይ በጠብታ መጨመር አንዱን ቦታ ያወፍራል፣ ሌላውን ይዘላል።
2. ቁራጩን በተቆረጠው ፊቱ በኩል ወደታች አስቀምጡ።
3. 1 ደቂቃ ቆጥራችሁ አንሱ። ፖቪዶን ከሆነ አዮዲኑን ቀስ ብሎ ስለሚለቅ 2 ደቂቃ ስጡት።
4. ትርፉን አንጠባጥባችሁ በነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡ።
5. ሌላ 1 ደቂቃ ጠብቁና በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱ። በቢጫ አምፖል የተነሳ ፎቶ ቡናማና ሰማያዊን ያደባልቃል።
6. ማነጻጸሪያዎቹንም በዚሁ ሰዓት፣ በዚሁ ብርሃን አንሱ።

ለሁሉም ቁራጭ ጊዜው እኩል ይሁን። አንዱን ግማሽ ደቂቃ ሌላውን 5 ደቂቃ ነክራችሁ ማወዳደር አይቻልም።

ደረጃ 6፦ አንብቡት

ጥቁር ሰማያዊ ስታርች ነው። የሻይ ቀለም ያለው ቢጫ ቡናማ የአዮዲኑ የራሱ ቀለም ነው፤ ስታርች አለ ማለት አይደለም። «የበሰለውም ጠቆረ» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያዩት ይህንን ነው። ከበሰለው ማነጻጸሪያ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት።

ከቀለሙ ይልቅ ቦታውን ተከታተሉ። ጥሬ ሙዝ ከዳር እስከ ዳር ይጠቁራል። መብሰል ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚነጣው መሃሉ ነው። ሙዝ መሃል ላይ በሦስት የተከፈለ እምብርት አለው፤ ጥቃቅኖቹ ጥቁር ነጥቦች ያሉበት። ንጣቱ ከዚያ ይነሳና ወደ ልጣጩ ይሰፋል። በመጨረሻ ጥቁሩ ልጣጩ ሥር እንደ ቀጭን ቀለበት ይቀራል፣ ኋላም ይጠፋል። አፕልም ከመሃል ወደ ውጭ ነው የሚነጣው።

ሙዝ ስትመዘግቡ ከልጣጩ ቀለም ጋር አብራችሁ ጻፉት። የተለመደው መለኪያ 7 ደረጃ አለው፤ 1 ሙሉ አረንጓዴ፣ 4 ከአረንጓዴው ቢጫው የበለጠበት፣ 6 ሙሉ ቢጫ፣ 7 ቢጫ ሆኖ ቡናማ ነጠብጣብ ያለው። ከጎኑ የጠቆረው ቦታ ስንት በመቶ እንደሆነ በግምት አስፍሩ።

ለአፕል ከ1 እስከ 8 የሚሄድ መለኪያ አለ። 1 ሙሉ በሙሉ የጠቆረ፣ 8 ምንም ያልጠቆረ ነው። ጨንቻ አካባቢ አፕል የምታመርቱ፣ ለረጅም ጊዜ የሚከማቸው ገና ስታርች እያለው፣ ወዲያው የሚሸጠው ነጣ ሲል ይቆረጣል። ትክክለኛው ቁጥር በዝርያ ይለያያል፤ የጎረቤታችሁን ቁጥር አትዋሱ። አንድ አፕል ቆርጣችሁም አትወስኑ። ከተለያዩ ዛፎች፣ ከጥላውም ከፀሐዩም ጎን፣ 10 ያህል ወስዳችሁ አማካዩን አውጡ።

የቀናቱ ክትትል

ከ6ቱ ሙዝ አንዱን በመጀመሪያው ቀን ቁረጡ። የሞላ ስታርች ማየት ያለባችሁ ያኔ ነው። የመጀመሪያው ቀን ቁራጭ ሣሣ ያለ ወይም የተዥጎረጎረ ሰማያዊ ካሳየና ፍሬው ጠንካራ አረንጓዴ ከሆነ፣ ያለ ጊዜው የወረደ ሊሆን ይችላል። የቀሩትን 5ቱን ከአንድ የበሰለ ሙዝ ጋር የወረቀት ከረጢት ውስጥ አድርጉና በየቀኑ አንድ አንድ ቁረጡ። የበሰለው ሙዝ የሚያወጣው ኤትሊን ሌሎቹን ይቀሰቅሳል።

- ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ አታስቀምጡ። የሚታፈነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መብሰሉን ያዘገያል፣ ጣዕሙንም ያበላሻል።
- ከ13 ዲግሪ በታች አታውርዱት። ልጣጩ ይጠቁራል፣ ውስጡ ግን ስታርቹን እንደያዘ ይቀራል።
- በጣም በሚሞቅ ቤት፣ በተለይ 30 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ልጣጩ አረንጓዴ እንደሆነ ውስጡ ይለሰልሳል። እዚህ ላይ ልጣጩን ሳይሆን አዮዲኑን እመኑ።
- ማብሰያ ቤት ያላችሁ፣ የተለመደው አሠራር ከ15 እስከ 18 ዲግሪ፣ ከ100 እስከ 150 ፒፒኤም (ከአየሩ ሚሊዮን እጅ 100–150 እጅ) ኤትሊን፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ነው። የላምባ ጭስም የሚያበስለው በውስጡ ኤትሊን ስላለ ነው። ግን መጠኑን አትቆጣጠሩትም፤ በተዘጋ ክፍል የሚጠራቀመው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሰው ይገድላል። ካርባይድ በጭራሽ አትጠቀሙ፤ አርሴኒክና ፎስፊን ሊኖርበት ይችላል።

ደረጃ 7፦ ቲማቲም፣ ስታርች ሲሠራ ለማየት

ሙዝ ላይ በዋናነት የምታዩት መፍረሱን ነው። መሥራቱን ማየት ከፈለጋችሁ ቲማቲም ይሻላል። ቲማቲም ስታርች የሚያከማቸው ገና እያደገ ሳለ ነው፤ ሲቀላ ምንም አይቀረውም።

1. አበባው ከረገፈ 3 ሳምንት ገደማ የሆነው አረንጓዴ ቲማቲም፣ ካደገ በኋላ ሊቀላ የደረሰ፣ እና የቀላ፣ ሦስቱንም ከአንድ ተክል ቁረጡ።
2. በቁመቱ፣ ከእንጨቱ ጫፍ እስከ ታች፣ ቀጭን አድርጋችሁ ሸንሽኑ።
3. አረንጓዴው ቀለም ሰማያዊውን ይሸፍነዋል። ሽንሽኑን በክዳን ዕቃ ውስጥ፣ በፋርማሲ አልኮል ነክራችሁ እስኪነጣ አሳድሩት። አልኮሉን በእሳት አታሙቁ። እሳት ባለበት ክፍልም አታስቀምጡት።
4. በውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት። አልኮል ውስጡ ከቀረ ቀለሙን ያደክመዋል።
5. ወደ ደረጃ 5 ሂዱ።

አሁን ጂኑን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ ማለት ይቻላል። ጥሬ ሳለ ትከሻው፣ ማለትም በእንጨቱ በኩል ያለው ክፍል፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ የሆነ የድሮ ዝርያ፣ እና ከላይ እስከ ታች እኩል ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ የሆነ የገበያ ዝርያ ጎን ለጎን አድርጉ። ልዩነቱ ጂኤልኬ2 ከተባለ ጂን ነው። ይህ ጂን ፍሬው ውስጥ ያሉትን ክሎሮፕላስቶች ያበዛል። በክሎሮፕላስቱ ልክ ስታርቹም፣ ኋላ የሚመጣው ስኳርም ይጨምራል። አዳቃዮች ለ70 ዓመት ያህል እኩል የሚቀላ ቲማቲም ሲመርጡ፣ ሳያውቁት የጂኑን የተበላሸ ቅጂ እየመረጡ ነበር። ይህ በጥናት የታተመው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። የገበያ ቲማቲም ጣዕም የለውም ብሎ የሚያማርር ሰው ነገሩን ከሜዳ አላመጣውም።

ኤጂፒኤዝም እዚሁ ቲማቲም ላይ ሥራው ተለይቷል። ሶላነም ሀብሮካይቴስ ከተባለ የዱር ዘመዱ የኢንዛይሙን የአንድ ክፍል ጂን የወሰደ ቲማቲም፣ ኢንዛይሙ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚሠራለት ጥሬው ላይ ብዙ ስታርች፣ ሲቀላም ብዙ ስኳር ይይዛል።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*ድንቹም ሙዙም አልጠቆሩም።* አዮዲኑ አርጅቷል ወይም ቀለም አልባው ዓይነት ነው። አዲስ ጠርሙስ ክፈቱ።

*ድንቹ ጠቁሯል፣ ጥሬው ሙዝ አልጠቆረም።* ቢላውን ወይም ሰሃኑን ሎሚ፣ ብርቱካን ወይም ቃሪያ ነክቶት እንደሆነ አስታውሱ። በአዲስ ዕቃ ድገሙት። አሁንም ካልጠቆረ ፍሬው በእርግጥ ስታርች የለውም።

*ሁሉም ነገር ጥቁር ሆነ፣ ልዩነት የለም።* ውህዱ ወፍሯል። እኩል ውሃ ጨምሩና የበሰለው ማነጻጸሪያ ቢጫ ሆኖ እስኪቀር ሞክሩ።

*ቁራጩ ላይ ጭረት ወይም ጠብታ መሰል ምልክት አለ።* ፊቱ ተቀዷል ወይም እርጥብ ነበር። አዲስ ፊት ቁረጡ። ያንኑ ፊት ደግሞ መንከር አይጠቅምም።

*ቀለሙ ታይቶ ደበዘዘ።* ቶሎ ፎቶ አንሱ። የቆየ ቁራጭ አታንብቡ።

*ልጣጩ ሙሉ ቢጫ ነው፣ ውስጡ ግን ይጠቁራል።* የግድ ስህተት አይደለም። ለመቀቀል የሚውሉ የሙዝ ዓይነቶች ሲበስሉም ስታርች ያስቀራሉ። የምትበሉት ተራ ሙዝ ከሆነ ብርድ አግኝቶት እንደሆነ ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ አጽዱ

1. ቁራጮቹን ጋዜጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ ልጆችና እንስሳት የማይደርሱበት ቆሻሻ ውስጥ ጣሉ።
2. የቫይታሚን ሲ ክኒን ፈጭታችሁ በውሃ በጥብጡና የተረፈው ውህድ ላይ ጨምሩት። ቀለሙ ሲጠፋ በብዙ ውሃ አፍስሱት።
3. ጠረጴዛና ጨርቅ ላይ የቀረውንም ነጠብጣብ በዚሁ የቫይታሚን ሲ ውሃ ጥረጉት።
4. ሰሃኑንና ቢላውን ለምግብ ከመመለሳችሁ በፊት ሁለት ጊዜ በሳሙና እጠቡ። በተደጋጋሚ የምትሠሩ ከሆነ ለዚህ ብቻ የሚሆን ሰሃን ለዩ፣ ስሙንም ጻፉበት።